አቶ ርእሶም «አበቃ» ካሉ በኋላ

በአሜሪካ፣ በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሊቀበሉኝ የመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። እህቴ ሙሉ ከፊት፣ የብረቱን አጥር ተደግፋ ቆማለች። ልጇ ቤዛ ከእናቷ በስተቀኝ ናት፣ ስልኳ በእጇ። የቤተ ክርስቲያናቸው የእንግዳ ተቀባይ ኮሚቴ ሰብሳቢ ወይዘሮ ሰብለ በስተግራ በላስቲክ የተጠቀለለ አበባ ይዘዋል። አቶ ርእሶም ከሦስቱም ራቅ ብለው ምሰሶ ሥር ቆመዋል፤ ካሜራቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ነኝ፤ ከኋላዬ አንዲት የማላውቃት ነጭ ሴት ሻንጣዬን ትገፋልኛለች።

ይህን የምጽፈው ለጸሎት ኅብረታችን እህቶች ነው። ከተመለስኩ ጀምሮ «እንዴት ነበር?» ስትሉኝ «ደኅና ነበር» ብቻ እያልኩ አሰልችቻችኋለሁ። በአፌ ስለማይሆንልኝ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

ሐሙስና ዓርብ

ከናዝሬት የተነሳሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ሞጆ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር እኔ መንገድ ዳር ቆሜ ደረቴ ውስጥ የሸጎጥኩትን ፓስፖርት እዳብስ ነበር። እንኳንም በጠዋት ወጣሁ፤ አዲስ አበባ የደረስኩት ልክ በሰዓቱ ነው።

ፍራንክፈርት ላይ ብዙ ተቀመጥን። ከእኔ ጋር የተሳፈረች ከጅማ የመጣች ሴት ዳቦ ቆሎዋን ከፈተችና ሁለታችንም በላን። እሷ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ብቻዬን ቀረሁ።

ዴንቨር ላይ ሻንጣ ወዳለበት ለመድረስ ምድር ውስጥ የሚሄድ ባቡር መሳፈር ያስፈልጋል። በሩ ሲከፈት ሰው ተጋፋ፤ እኔ ተራዬ እስኪደርስ ቆምኩ። የእኛ ባቡር ናዝሬት ጣቢያ ሲቆም ሻይ ተጠጥቶም ይደረስበታል። ይኼኛው በሩን ዘግቶ ሄደ። ቀጥሎ የመጣውም ጥሎኝ ሄደ። ያቺ ነጭ ሴት ያየችኝ ይኼን ጊዜ ነው፤ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ። ሻንጣዬንም ከሚዞረው ላስቲክ ላይ አውርዳ እስከ ውጭ ገፋችልኝ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የተማርኩት እንግሊዝኛ ሁሉ ጠፍቶኝ «ታንክ ዩ» ብቻ አልኳት። ስሟን አላወቅሁም።

ሙሉ አቅፋኝ አለቀሰች። ከዚያ ወይዘሮ ሰብለ አበባውን ሰጡኝና «ጋሽ ርእሶም፣ ያንሱን እንጂ!» አሉ። ተሰለፍን። እንደ ልማዳችን እጃችንን ከጎናችን ለጥፈን፣ አገጫችንን ቀና አድርገን ትንፋሻችንን ያዝን። አቶ ርእሶም አነሱንና «አበቃ» አሉ። ሁላችንም ፈታ አልን። ወይዘሮ ሰብለ ተረከዛቸውን ከጫማቸው አወጡ፣ ቤዛ አዛጋች፣ ሙሉ በነጠላዬ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች። ካሜራው እንደገና ቀጭ አለ።

«ይኸው ጀመሩ!» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «እትዬ ዘነበች፣ ይጠንቀቁ። ጋሽ ርእሶም የሚያነሱት አበቃ ካሉ በኋላ ነው። አንድ ሰርግ አንስተው ሙሽራዋ በፎቶው ሁሉ ስታዛጋ ነው የተገኘችው። ከዚያ ወዲህ ለሰርግ የጠራቸው የለም።»

«ደክሟት ነበራ» አሉ አቶ ርእሶም።

አቶ ርእሶም አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። ዕድሜያችን ይቀራረባል። አማርኛቸውም ከሙሉ ይልቅ ለእኔ ይቀርባል። ሙሉ «ፓርክ አደረጉ?» ስትል እሳቸው «መኪናዋን አቆምኳት» ይላሉ።

ያደረሱንም እሳቸው ናቸው። የአውሮፕላን ማረፊያው ጣሪያ ከሩቅ ሲታይ ለትልቅ ሰርግ የተተከለ ነጭ ድንኳን ይመስላል። ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው፤ ወደ መተሐራ ሲወርዱ እንዳለው ደረቅ ሣር። ተራራው በምዕራብ በኩል ነው፣ በረዶ ጭኖ።

አሁን አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ቤቴ ስትመጡ ግድግዳዬ ላይ የምታዩት የሙሉ ፎቶ አለ። ሁለት ነጭ ምሰሶ፣ ቀይ በር፣ በሸክላ ማሰሮ የተተከለ አበባ፤ እሷ በሐምራዊ ቀሚስ ምሰሶውን ተደግፋ። «ጌታ ባርኳታል» ስትሉ ኖራችኋል። እኔም ስል ነበር። የአቶ ርእሶም መኪና ቻምበርስ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ታጥፎ የቆመው ግን ረዣዥም ቡናማ ፎቆች የተደረደሩበት ግቢ ውስጥ ነው። ሙሉ ሻንጣዬን ይዛ በብረት ደረጃ ከፊቴ ወጣች። ዞር ብላ አላየችኝም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ይሞቃል፣ ከእኔ ቤት ይሰፋል። ቀይ በር ግን የለውም። ቤት ቀይራ ይሆናል ብዬ አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ

ቤዛ አልጋዋን ለቅቃልኝ ሶፋ ላይ አደረች። ጠዋት ከመነሳቴ ሻይ ይዛልኝ መጣች።

«አክስቴ፣ ሹገር ትፈልጊያለሽ?»

«ይፈልጋሉ በይ!» አለች ሙሉ ከመኝታ ቤት።

«ሶሪ። ሹገር ይፈልጋሉ?» ብላ ሳመችኝ። አንቺ ብትለኝም ግድ አልነበረኝም።

ሙሉ ዕረፍቷ ስለነበር እስከ ቀትር ተኛች። እግሮቿን ትራስ ላይ ሰቅላ ነው የምትተኛው። በደብዳቤዋ «በጤና ተቋም እሠራለሁ» ትለኝ ነበር። ሥራዋ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማልበስና ማጉረስ እንደሆነ ያወቅሁት በሩ ላይ በተሰቀለው የሥራ ልብሷ ምክንያት ነው፤ ስጠይቃት ነገረችኝ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያናቸው የራሱ ሕንፃ የለውም። አሜሪካኖቹ ጠዋት አምልከው ሲወጡ የእኛዎቹ ከሰዓት ይገባሉ። ዝማሬው እንደ እኛው ነው። በምስክርነት ሰዓት አንድ ሰው ተነስቶ መጀመሪያ እንደመጣ መኪና ውስጥ ያድር እንደነበር፣ ፊቱን ነዳጅ ማደያ ይታጠብ እንደነበር መሰከረ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ደፋር ነው ብዬ አሰብኩ።

ፓስተሩ በማስታወቂያ ሰዓት በሚመጣው እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ የምሥረታ በዓል እንደሚከበር ተናገሩ። የአዳራሹ የኋላ ግድግዳ ለአቶ ርእሶም ፎቶዎች ተሰጥቷል። አቶ ርእሶም እዚያ አገር ሲያነሱ የኖሩትን ይስቀሉልን ብሎ የጠየቃቸው ሰው ይኼ የመጀመሪያው ነው። ይህን ሙሉ በጆሮዬ ነገረችኝ።

ከአምልኮ በኋላ ወይዘሮ ሰብለ ለምሳ ግሪን ቫሊ ራንች ወደሚባለው አዲስ ሰፈር ይዘውን ሄዱ። ቤቶቹ ሁሉ መንትያ ይመስላሉ፤ ዛፎቹ ገና ችግኝ ናቸው። መኪናው ቆመ። ቀና ስል ሁለት ነጭ ምሰሶ፣ ቀይ በር፣ በስተቀኝ የሸክላ ማሰሮ።

ሙሉ ቶሎ አልወረደችም።

«ይግቡ እትዬ ዘነበች፣ ይግቡ!» አሉ ወይዘሮ ሰብለ። «ይሄ በር እኮ ዝነኛ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ እዚህ ቆሞ ተነስቶ አገር ቤት ልኳል። የማላውቃቸው እንኳ ደውለው 'እሑድ ቤት ትኖሪያለሽ?' ይሉኛል። እኔ ውስጥ ልብስ ሳጥፍ እነሱ ከውጭ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። በሩ አባል ሆኗል፤ መጠመቅ ብቻ ነው የቀረው!»

ቤዛ ሳቀች። ሙሉ መሬት መሬት ታያለች።

«ጥሩ በር ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ሰብለ በእህቴ ላይ መቀለዳቸው እንዳልነበረ አውቃለሁ። ዶሮ ወጥ፣ ጎመን፣ የአበሻ ዳቦ አቅርበው እሳቸው ቆመው አስተናገዱን። ስንወጣ የራሳቸውን ወፍራም ኮት ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። «እኔና ባለቤቴ የምንገናኘው እዚሁ በር ላይ ነው» አሉኝ፤ «እሱ ሲገባ እኔ ስወጣ።»

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሙሉ «እትዬ» አለችኝ።

«እ?»

«ምንም።»

ሰኞ

እሑድ በሹራብ የዋልንበት አገር ሰኞ በበረዶ ነጭ ሆኖ አደረ። ሙሉ ወደ ሥራ፣ ቤዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄዱ። በረዶውን ለማየት በሩን ከፍቼ አንድ እርምጃ ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ቀጭ ብሎ ተዘጋ፤ ቁልፍ አልያዝኩም። እኛ አገር በር የሚዘጋው ሰው ሲዘጋው ነው።

የለበስኩት የቤዛን የሌሊት ጋውን ነበር፤ ሮዝ ሆኖ የድመት ፊቶች ተሥለውበታል። እግሬ ላይ ነጠላ ጫማ። ራሴ ላይ ምንም።

ፊት ለፊት ያለው በር ተከፈተና አንዲት ሴት አየችኝ። ሉፔ ትባላለች፤ ከሜክሲኮ ናት። ምንም ሳትጠይቅ እጄን ይዛ አስገባችኝ። እግሬን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። ባቄላ የመሰለ ሾርባና ስስ የበቆሎ ቂጣ አቀረበች። ቃሪያው የእኛን ያስንቃል። እንባዬ ሲወርድ አይታ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ቴሌቪዥን ላይ አንዲት ሴት ባሏን ትጮኽበታለች። ሉፔ በእጇ ታስረዳኛለች፤ ሰውየው መጥፎ ነው፣ ሴትየዋ አታውቅም። ቋንቋ ሳይኖረን ግማሽ ቀን ተጫወትን።

አቶ ርእሶም መጥተው የእኛን በር ሲያንኳኩ ሉፔ ሰምታ ጠራቻቸው። ያውቋታል። ተቀምጠው ቂጣ በሉ። ካሜራ መያዛቸውን ረስቼዋለሁ። ሉፔ የሰውየውን አረማመድ እያስመሰለች ስታሳየኝ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«አቶ ርእሶም! በዚህ ልብስ?»

«እርስዎ ካልፈቀዱ ማንም አያየውም ወይዘሮ ዘነበች። የተነሳው ሰው ነው ቀድሞ የሚያየው። እሱ 'ይቅር' ካለ ይቀራል።»

ከዚያ አንድ ትልቅ ፖስታ ሰጡኝ። «ይሄ የሙሉ ነው። እሑድ እንዲሰቀል የምፈልገው። ፈቃዷን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ፖስታው አልታሸገም ነበር። አልከፈትኩትም።

ማምሻውን ሙሉ ኮቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ቆማ ከፈተችው። ብዙ አየችው። መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተችና ፍሪጁ አናት ላይ አስቀመጠችው። ቤዛ ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው።

«ማሚ! ዚስ ኢዝ ሶ ጉድ!»

«መልሺው ቦታው።»

«በት ማሚ—»

«በት የለም!»

ስልክ አንስታ ደወለች። «ጋሽ ርእሶም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ አይሰቀልም። እህቴ እዚህ እያለች እንዴት ይሆናል?» ከዚያ ለብዙ ጊዜ «እሺ፣ እሺ» ስትል ሰማኋት።

ማክሰኞ

ሙሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ቤት የማትጠፋ፣ በሴቶቹ ዘንድ የምትሰማ ናት። እሷ እንቢ ማለቷ ሲሰማ እንደ እሷ ያሉ ሴቶችም ለአቶ ርእሶም ደወሉ። አንዷ መጥረጊያ ይዛ፣ አንዷ በሰው ምድጃ ጎንበስ ብላ ነው የተነሱት። «ሙሉ ካልሰቀለች እኔም ይቅርብኝ» ይላሉ። ወይዘሮ ሰብለም ለሙሉ ደወሉ። ግድግዳው ባዶ እንዳይሆን ሰው ሁሉ በእሳቸው በር ላይ የተነሳውን ፎቶ መሰብሰብ ይቻላል አሉ። በቅንነት ነው። አቶ ርእሶም ግን እንዲህ ከሆነ ግድግዳውን እንደሚመልሱ ለፓስተሩ ነግረዋል።

ራት ከበላን በኋላ «አሳዪኝ» አልኳት።

«እትዬ፣ ተዪው።»

«አሳዪኝ አልኩሽ።»

አውርዳ ሰጠችኝ።

የቻምበርስ ሮድ አውቶቡስ ማቆሚያ ነው፤ ክረምት። ሙሉ በሥራ ልብሷ ላይ ኮት ደርባ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። አንድ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጉልበቷ ላይ ሰቅላ በአንድ እጇ ታሸዋለች። በሌላው እጇ ዳቦ ይዛለች። አፏ ሙሉ ነው፣ ጉንጯ አብጧል። ዓይኗ አውቶቡሱ የሚመጣበትን ያያል። ከኋላዋ መኪኖቹ በበረዶ ጭቃ ውስጥ ያልፋሉ።

ከአገር ከወጣች ወዲህ ብዙ ፎቶ ልካልኛለች። እህቴን ያየኋት ግን በዚህኛው ነው። ይህን አልነገርኳትም።

«ጫማው ይጠብሻል?»

«እግሬ ነው የሚያብጠው።»

«ዳቦው ምን ነበረው?»

«እንቁላል።» ከጎኔ ተቀመጠች። «በሩን አውቀሽዋል አይደል?»

«አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ምን ልበል? ጥሩ በር ነው።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተለወጠ። «እነዚያ ሴቶች ቤትሽ ሲመጡ የሚያዩት እሱን ነው። ይሄን ቢያዩ ምን ይላሉ? ባሕር ተሻግራ ሽማግሌ ልታጥብ ነው የሄደችው አይሉም?»

እህቶቼ፣ አይሉም ልላት ፈልጌ ነበር። እርግጠኛ ግን አልነበርኩም።

ረቡዕ

አቶ ርእሶም የሚኖሩት እንግልውድ ነው፤ ከሙሉ ቤት በስተደቡብ ሩቅ ነው። የሰው ቤት ምድር ቤት ተከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ። እሳቸው ራሳቸው መጥተው ወሰዱኝ፤ ግድግዳውን ከመመለሳቸው በፊት ፎቶዎቹን ልያቸው ብዬ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ፎቶዎቹ በጫማ ካርቶን ናቸው። በየካርቶኑ ላይ የሰዎቹ ስም አለ። አንዱን እያነሱ ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ በመስታወት ቤቱ ውስጥ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን የገንዘብ መሳቢያው ላይ አስደግፎ። ታክሲ ነጂዎች አንድ መኪና ኮፈን ላይ ጋዜጣ ዘርግተው ምሳ ሲበሉ፣ ነፋሱ ጋዜጣውን እንዳይወስደው እያንዳንዱ በክርኑ ተጭኖት። የመዘምራን ልብስ የለበሰች ሕፃን በተከመረ ኮት መሃል ተኝታ። ሴት ልጁን ጸጉር ለመሥራት የሚታገል አባት፤ ሚዶው ጥርሱ ላይ ነው። በአንዱም ላይ የሚያስቅ ሰው የለም። የሚያሳዝንም የለም። ናዝሬት ብሆን በየቀኑ የማያቸው ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ቆሜ ግን አይቻቸው አላውቅም።

«ይሄን የት ተማሩ?» አልኳቸው።

«አስመራ። ልጅ ሆኜ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ሥራዬ በቀጭን እርሳስ ፊልሙ ላይ መሥራት ነበር። የቁስል ጠባሳ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረት ማጥፋት። ጎበዝ ነበርኩ።» ቡና ቀዱልኝ። «አንዲት እናት የልጇን ፎቶ ይዛ ተመለሰች። ልጁ ርቆ ሄዷል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ ከአጥር ወድቆ። እኔ አጥፍቼዋለሁ። 'ጠባሳውን መልስልኝ' አለችኝ። 'ይሄ የሰው ልጅ ነው፣ የእኔ አይደለም።'»

«መለሱላት?»

«በምን እመልሰዋለሁ? የጠፋ ጠፋ።»

ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «እዚህ ሰው ተነስቶ ሲመሰክር መኪና ውስጥ ማደሩን ይናገራል። መራቡንም አይደብቅም። አሜን ይባላል። ካሜራ ሲያይ ግን ኮት ይዋሳል። አልፈርድም፤ እናቱ ታያለቻ። እኔ ግን እናቱ ልጇን እንድታየው ነው የምፈልገው።»

መጨረሻ ላይ የእኔን አወጡ። ጸጉሬ ቆሟል። የድመቶቹ ፊት በየቦታው ያየኛል። ቂጣው ከአፌ ወጣ ብሏል። ሉፔ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ ሰውየው ቆማለች፤ እኔ ጥርሴን ሁሉ አሳይቼ እስቃለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንዲያ የሳቅሁ አይመስለኝም ነበር።

ብዙ ካየሁት በኋላ «ይስቀሉት» አልኳቸው።

«ቀስ ብለው ያስቡበት።»

«አስቤያለሁ። ግድግዳውንም አይመልሱ።»

አቶ ርእሶም መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

ሐሙስ

«የእኔን ይሰቅሉታል» አልኩ ራት ላይ።

«የትኛውን?» አለች ሙሉ።

«ሉፔ ቤት የተነሳሁትን።»

«የቤዛን ጋውን ለብሰሽ? እትዬ! ሰው ሁሉ በሚያይበት?»

«ብርድ ነበር።»

ቤዛ ከወንበሯ ልትወድቅ ደረሰች። «አክስቴ፣ ዩ አር ፌመስ!»

ሙሉ ምግቧን ትታ ብዙ አየችኝ። እኔ መብላቴን ቀጠልኩ።

ዓርብ

ከሙሉ ጋር እስከ አውቶቡሱ ልሸኛት ብዬ በጠዋት ወጣሁ፤ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሥሬ። በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ስለ ናዝሬት ሰዎች ጠየቀችኝ፤ ማን አገባ፣ ማን ታመመ። ስታወራ ጫማዋን አወለቀች። እኔ ጫማውን ያዝኩላት። ዳቦዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። አንድ ሁለቴ ከጎረሰች በኋላ ራሷን አየች።

«እንዲሁ ነው የምቀመጠው ለካ» አለች።

«እንዲሁ ነው።»

አውቶቡሱ መጣ። ጫማዋን እየረገጠች ሮጠች። ደረጃው ላይ ሆና ዞረች።

«ለጋሽ ርእሶም ደውዪላቸው! ይስቀሉት በያቸው!»

«ራስሽ ንገሪያቸው እንጂ።»

«ሊሄድ ነው እትዬ!» በሩ ተዘጋ።

ቤዛ ቁጥሩን መታችልኝና ደወልኩ። አቶ ርእሶም «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት። እስከ ማታ ሌሎቹም ሴቶች ይህን ሰምተው ፈቅደው ነበር።

እሑድ

ሕዝቡ ከአምልኮ ሲወጣ የኋላው ግድግዳ ፊት ተሰበሰበ። ከዚያ አንዱ የታክሲ ነጂዎቹን አይቶ «ክርኔ! ክርኔ እኮ ነው ያዳናችሁ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ራሱን ፍለጋ ገባ። ሕፃናት አባቶቻቸውን እየጎተቱ ያሳያሉ። ያ የመኪና ማቆሚያ ጠባቂ ከፎቶው ፊት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ ሚስቱ የሚሠራበትን ቦታ አይታ እንደማታውቅ ተናገረች።

ወይዘሮ ሰብለ የእኔ ፎቶ ፊት ቆሙ። «እትዬ ዘነበች! እነዚህ ድመቶች ከየት መጡ?» ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን ቶሎ ሳቃቸውን አቆሙ። «እኔስ ጋሽ ርእሶም? እኔን አላነሱኝም?»

አቶ ርእሶም ከቦርሳቸው ፖስታ አውጥተው ሰጧቸው። ወይዘሮ ሰብለ ወደ መስኮቱ ዞረው አዩት። ምን እንደሆነ አላየሁም። የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አልተሰቀለም። አልመለሱትምም።

ሙሉ ሽርጧን እንደታጠቀች ሻይ ስታድል ቆየች። ሕንፃውን ካዋሱት አሜሪካኖች አንዲት አሮጊት መጥተው በእሷ ፎቶ ፊት ብዙ ቆዩ። ሙሉ ትሪውን አስቀምጣ አጠገባቸው ሄደች። ወዴት የሚሄድ አውቶቡስ እንደሆነ፣ የምታጥባቸው ሰዎች ስማቸው ማን እንደሆነ ስትነግራቸው ከሩቅ አየሁ፤ ያወሩትን ኋላ ነግራኛለች። እጇ ከጎኗ አልተለጠፈም፣ አገጯም አልተሰቀለም።

ፓስተሩ አቶ ርእሶምን ተናገሩ አሏቸው። «የፈቀዱትን አመስግኑልኝ» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባው ብዙ ነበር፤ እሳቸው ጫማቸውን ያዩ ነበር።

እኛም ከተማ እንዲህ ያለ ሰው ይኖራል። ለመታወቂያ ሲያነሳን «ቀና በሉ» ያለንን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ሌላ ምን አንስቶ እንዳስቀመጠ የጠየቀው የለም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ልጠይቅ አስቤያለሁ፤ ከእናንተ አብራኝ የምትሄድ ካለች ትንገረኝ።

ማክሰኞ

ሉፔ በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ ይዛ ደረጃው ላይ ሳመችኝ። ወይዘሮ ሰብለ ኮቱን አልቀበልም አሉ፤ ለብሼው መጣሁ። አቶ ርእሶም አውሮፕላን ማረፊያ አደረሱንና ሁለቱን ፎቶዎች፣ የሙሉንና የእኔን፣ በካርቶን መሃል አድርገው እንዳይታጠፉ አሥረው ሰጡኝ። የሚከፈላቸውን ጠየቅሁ፤ እንዳልሰሙ ሆኑ። «እናመሰግናለን አቶ ርእሶም» አልኳቸው። ከዚህ የሚበልጥ ቃል ነበረኝ፤ አልወጣልኝም።

መፈተሻው ጋ ሙሉ እጄን ይዛ ቆመች።

«ትሰቅዪዋለሽ?»

«እሰቅለዋለሁ።»

«የበሩን አውርደሽ?»

«አውርጄ።»

«ሁሉም ይዩት?»

«ሁሉም።»

ትንሽ አሰበች። «እትዬ፣ አፌ ሙሉ ነው እኮ።»

«ያዩታል።»

«ይዩት እንግዲህ» አለች።

ሳምኳትና ገባሁ።